ቱሪስት ሆኜ ልጄን ላመጣ

ጅቡቲ ደርሼ መምጣቴን የሰሙ ጎረቤቶች ሁሉ "ሙቀቱ እውነት ነው ወይ?" ብለው ነው የሚጠይቁኝ። እውነት ነው እላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ተናግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ብዙ ነገር አይወራም ነበር። አሁን ዘመኑም ተለውጧል፣ እኔም አርጅቻለሁ። እዚያ አገር ለማይሄዱት፣ ያየሁትን ከዕለት ወደ ዕለት እንደነበረ ልጻፈው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። ያልገባኝ ደግሞ ይበዛል።

የሄድኩት ልጄን ላመጣ ነው። የበኩር ልጄ ዳንኤል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲታሰሩ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ጠፋ። ከረጅም ጊዜ በኋላ እህቴ ጸሐይ፣ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ጅቡቲ ነው የምትኖረው፣ በሰው አፍ ላከችልን። ዳንኤል በሕይወት አለ። ወረቀት ስለሌለው ከተማ ውስጥ መኖር ፈርቶ፣ ቱሪስት የሚያስጎበኝ የአገሬው ድርጅት ዘንድ በረሃ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኗል።

በዚያ ሰሞን ምሕረት ተደርጓል፣ የሚመለስ ስደተኛ ምንም አይደርስበትም ይባል ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንድ እሑድ ቤቴ ድረስ መጣ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ ትሑት ነው። "እትዬ ዘነበች፣ ይሂዱና ያምጡት። በእኔ ይሁንብዎ። እዚያ ያሉት ሰዎቻችን ይለፍ ይሰጡታል፤ ተነግሯቸዋል። ልጅ እናቱ ጉያ ነው የሚያምርበት" አለኝ። አለቀስኩ፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ከለከለኝ። የመውጫ ፈቃዱን ራሱ ጨረሰልኝ። ባለቤቴ ታደሰ የአየር ማረፊያው ጋራዥ መካኒክ ነው፤ ለቤተሰብ የሚሰጥ ትኬት ነበረው። ታደሰ በነገሩ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ሂጂም አላለኝ፣ ቅሪም አላለኝ።

ማክሰኞ

ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም የማይርቅ ነው። አውሮፕላን ሲነሣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንጫጫል። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ድምፅ ነው፤ ውስጡ ገብቼ ግን አላውቅም ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ በጨርቅ በጨርቅ ቋጥሬ ነበር። ፈታሹ ወታደር ቋጠሮዬን አንድ በአንድ እየፈታ "እማማ፣ ወደ ግንባር ነው እንዴ የሚሄዱት?" ብሎ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ መልሼ ቋጠርኩ። ታደሰ በሩ ድረስ ሸኝቶኝ ባርኔጣውን አወለቀና "መስኮቱን እንዳትነኪ" አለኝ። ምክሩ ይኸው ብቻ ነበር።

ሲነሣ ቤቴን ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ገርጂ ያን ጊዜ እርሻ ነበር፣ ጥቅምት ስለሆነ ጤፉ እያሸተ ነበር፤ እሱን አየሁ። ከዚያ ደመና፣ ከዚያ ቡናማ መሬት። አስተናጋጇ ዳቦ ስታቀርብልኝ በይሉኝታ "በቃኝ፣ ይክበሩልኝ" አልኩ። ደግማ እንድትለምነኝ ስጠብቅ ጋሪዋን እየገፋች አለፈች። አውሮፕላን ላይ ሰው ሁለተኛ አይለመንም። ይህን ለሚሄዱ እመክራለሁ።

ጅቡቲ በሩ ሲከፈት የሞተሩ እሳት የነካኝ መስሎኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ሞተሩ ከኋላዬ ቀረ፣ ሙቀቱ ግን አብሮኝ መጣ። ጸሐይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እኔ "ውስጥ እንግባ፣ ፀሐይ ይመታሻል" እያልኩ እጎትታታለሁ። ውስጥ ስንገባ ውስጡም ያው ነው። ሻዩ ራሱ ጨው ጨው ይላል፤ ስኳር ጨምሩበት ብዬ ባስጨምር ይባሱኑ ጣፋጭ ጨው ሆነ።

"ዳንኤልን ነገ ታመጪልኛለሽ?" አልኳት።

"እሱ ከተማ አይገባም እታለም። ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን በየመንገዱ ያፍሳሉ። አንቺ ነሽ የምትሄጂው። ቱሪስት ሆነሽ።"

ረቡዕ

ይህን ቀን ቱሪስትነት ስማር ዋልኩ።

"ቱሪስት ምን ያደርጋል?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ያያል።"

"ምኑን?"

"ያለውን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይመለሳል።"

የሰው ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ምንም የሌለበት አገር ሄዶ፣ ምንም አለመኖሩን አይቶ ይመለሳል። ደጋግማ አስረዳችኝ፤ ደጋግሜ አልገባኝም። እኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለንግሥ ወይም ለገበያ ነው።

"አንድ ነገር እለምንሻለሁ" አለችኝ የራሷን ገለባ ባርኔጣ ራሴ ላይ እየሞከረች። "ተነሥተሽ እንዳታጥቢ፣ እንዳትጠርጊ፣ ለማንም እንዳትቀጂ። የከፈለ ሰው ቁጭ ይላል። ዳንኤልን ስታዪው ደግሞ አላውቀውም በይ። ሾፌሩ የድርጅቱ ባለቤት የወንድም ልጅ ነው። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ዘመድ አዝማድ ይጠራል ብሎ ከተናገረ በማግስቱ ያባርሩታል፤ ከተባረረ ደግሞ ይይዙታል።"

"ልጄን አላውቀውም ልበል?"

"ሁለት ቀን ነው እኮ።"

"ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የካደው" አልኳት።

ረቡዕ ስለሆነ ከእሷ ጋር ሽሮ በልተን ተኛን። የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር፤ "ተነሥ፣ ወደ ቤትህ" ነው የምለው፣ ሌላ ነገር የለም።

ሐሙስ

መኪናዋ ረጅም ላንድሮቨር ናት። ሽማግሌ ፈረንሳዊ ከባለቤቱ ጋር አለ፤ ሁሉም ምሲዩና ማዳም ይሏቸዋል፣ ስማቸውን አላወቅሁም። አንድ ረጅም ፈረንጅ ደግሞ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ከኋላ ተቀምጧል። አስጎብኚው ሮብሌ ይባላል። ድሬዳዋ ያደገ የጅቡቲ ሰው ነው፣ አማርኛው እንደ ውሃ ነው።

"አንቺ፣ ከፊት ግቢ፤ የኋላዋ ወንበር ትነጥራለች" አለኝ።

በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው አንቺ ሲለኝ ደነገጥኩ። ፊቴን አይቶ ሳቀ። "አቦ አትቀየሚኝ! ድሬ እርስዎ የሚባል ነገር የለም። አያቴንም አንቺ ነው የምላት።"

ከከተማ ስንወጣ አገሩ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ማሳ የለም፣ አጥር የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም። አንድ ጊዜ ዛፍ አየንና ሁሉም ተንጫጭተው መኪናው ቆመ፤ ረጅሙ ፈረንጅ ወርዶ ዛፏን ፎቶ አነሣት። እኛ ሰፈር ቢመጣ ፊልም አይበቃውም ነበር።

አሳል የሚባለው ሐይቅ ዳር ስንደርስ ዳርቻው ሁሉ ነጭ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ላይ በረዶ ጥሎ ሲያባራ ግቢው እንደሚነጣው ነው፤ ግን ያቃጥላል፣ ጨው ነው። ሾላ ገበያ በጣሳ የምንገዛውን ጨው እዚያ በጫማ ይረግጡታል። ነውር መስሎኝ ጫፍ ጫፉን እየመረጥኩ ሄድኩ። ማዳም ልብሷን አውልቃ በውስጥ ልብስ በሚመስል ነገር ውሃው ውስጥ ገባች፣ በጀርባዋም ተንጋለለች። አትሰምጥም! ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው። ራሷን ስታ መስሎኝ "ኧረ አውጧት! ባሏ የታለ?" ብዬ ጮህኩ። ባሏ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጣል።

"ተያት እናት" አለኝ ሮብሌ፤ "ከፍላ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ዲክሂል የሚባል ከተማ ገባን። እዚያ እኩለ ቀን ካለፈ ሁሉም ይተኛል። የእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ የገመድ አልጋ ተደርድሮ ወንዱም ሴቱም ጎን ለጎን ተጋድሟል። እኔ በማላውቃቸው ወንዶች መሐል ልጋደም? አልጋው ጫፍ ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። የቤቱ ባለቤት ወፍራም ሴትዮ ናቸው፣ መጥተው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉኝ። እኔም በቋንቋዬ "ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሻለኛል" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ የራሳቸውን ባለ አበባ ሻሽ ይዘው በእኔና በጎረቤቴ አልጋ መካከል በገመድ ሰቀሉት። ከዚያ በርጩማ አምጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከፊቴ ተቀመጡ። የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ይቆጡታል። አንድ ቃል ሳንግባባ ጠበቁኝ፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስነሣ ምን ላድርግላቸው? ዳቦ ቆሎዬን ግማሹን ሰጠኋቸው። አንዷን ነክሰው ጥርሳቸውን ያዙ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

ሊመሽ ሲል አደባባዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። የጫነው ሰው ነው፤ አማርኛ ሰማሁ፣ ቀረብኩ። ሕፃን የታቀፈች ልጅ እግር ከላይ ሆና "እናቴ፣ ከአገር ቤት ነዎት? ዝናቡ እንዴት ነበር?" አለችኝ።

"ደህና ነበር። ልትመለሱ ነው? እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!"

ልጅቷ አላመሰገነችኝም። ከመኪናው ጎን ወደቆመው ፖሊስ አየች፣ ከዚያ ወደ ልጇ። ሮብሌ ክንዴን ይዞ መለሰኝ።

"በፈቃዳቸው አይደለም እንዴ የሚመለሱት?" አልኩት።

"ወረቀቱ በፈቃዳቸው ይላል" አለኝ። እኔም ነገሩን ከምን እንደምቆጥረው ጠፋኝ። ሊቀ መንበራችን የነገረኝ ሌላ ነው፤ የልጅቷ ፊት ሌላ ነው።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ መንገድ በሌለበት ሄድን። ሾፌሩ የሚነዳው ተራራ እያየ ነው። ራሴን ከጣሪያው ጋር አጋጨሁ፤ ባርኔጣው አዳነኝ። ወደ ማምሻው አቤ ወደሚባለው ሐይቅ ደረስን። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ኩይሳ ታውቃላችሁ አይደል? የቤት፣ አንዳንዱም የፎቅ ያህል ኩይሳ አስቡ፤ በሺህ የሚቆጠር፤ ከመሬቱም ጭስ ይወጣል፣ የፈላ ውሃ ይንዶቀዶቃል፣ የገማ እንቁላል ይሸታል። ፈረንጆቹ "ኦ! ኦ!" ይላሉ። እኔ አማተብኩ። ሲኦል ቢሆን የሚያስጎበኘው አይኖርም ብዬ ተጽናናሁ።

ካምፑ የሰሌን ጎጆዎች ናቸው። ሮብሌ ሰብስቦን "ራት ሙሳ ያቀርባል፤ ወጥ ላይ ጎበዝ ነው" አለ። ሙሳ ማነው? ዳንኤል የለም ማለት ነው? ይህን ሁሉ አገር ተሳስቼ ነው የመጣሁት?

ሙሳ የማስታጠቢያ ሳህን ይዞ ከጎጆው ወጣ። ረዝሟል፣ ጠቁሯል፣ ጺም አብቅሏል። አረማመዱ ግን የታደሰ ነው፤ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ይጥላል። ማዳምን አስታጠበ፣ ምሲዩን አስታጠበ፣ እኔ ዘንድ ደረሰ። ዓይኑን አላነሣም። ውሃው ግን እጄ ላይ መውረድ ትቶ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

"ቦንዡር ማዳም" አለኝ ልጄ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ለፈረንጆቹ የፍየል ሥጋ በማካሮኒ ቀረበ። እኔ ፊት ግን ሌላ ሳህን አስቀመጠ፤ ምስር ወጥ ነው፣ በዘይት የተሠራ፣ ከጎኑ ስስ ቂጣ። ዓርብ መሆኑን ለካ እኔ እንኳ በመንገዱ ውጣ ውረድ ረስቼው ነበር። ደወል በማይሰማበት በረሃ፣ ሰዉ ሁሉ ዓርብን በራሱ ጸሎት በሚያውቅበት አገር፣ ልጄ የእናቱን ጾም ቆጥሮ ይዟል።

ሾፌሩ ሳህኔን አይቶ ለሮብሌ በሱማልኛ አንድ ነገር አለው። "ለእሷ ለምን ሌላ ምግብ ተሠራ? ሙሳ በምን አውቆ ነው? እያለ ነው" አለኝ ሮብሌ፤ እሱም ቢሆን ግራ ገብቶታል። መልስ መፈለግ ይገባኝ ነበር። አልፈለግሁም። ዳንኤል ውሃ ሊቀዳልኝ ጎንበስ ሲል ቂጣውን በምስር ጠቅልዬ አፉ ውስጥ ከተትኩት። ወድጄ አይደለም፤ እጄ ነው። እሱም አፉን ከፈተ፤ የእናቱን እጅ ሲያይ የማይከፍት ልጅ የለም።

ሾፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጸሐይ የለመነችኝ ሁሉ ያኔ ትዝ አለኝ።

ሮብሌ ብድግ አለ። እያጨበጨበ በፈረንሳይኛ ለፈለፈ። ከዚያ ማዳም ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አፏን ወለል አድርጋ ከፈተችልኝ።

"ምን አልካቸው?" አልኩት።

"የእናንተ አገር ባህል ነው፣ እንግዳ ሲከበር መጀመሪያ አብሳዩን ያጎርሳሉ፣ ከዚያ ሁሉንም፣ አልኩ። በይ ቶሎ በይ፣ ሴትዮዋ ዝንብ ሊገባባት ነው።"

ማዳምን አጎረስኩ፤ ጣቴን ነከሰችኝ። ምሲዩን አጎረስኩ። ረጅሙ ፈረንጅ ፎቶ ለማንሣት ብሎ ሁለት ጊዜ ጎረሰ። ሾፌሩ እምቢ እምቢ ሲል ሁሉም "ሙሳ በልቷል፣ አንተም ትበላለህ" ብለው ያዙት፤ እሱንም ትልቅ ጉርሻ አድርጌ አፉን ሞላሁት። ምስሬ አለቀ፤ ጦሜን አደርኩ። እንደዚያ ቀን ግን ጠግቤ አላውቅም።

ሊተኙ ሲነሡ ሮብሌ አጠገቤ መጣ። "አቦ አንቺ እናት፣ ከእንግዲህ ይህን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባዋለሁ" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁለተኛ ግን ከሙሳ እንዳትጀምሪ።"

ቅዳሜ

ሮብሌ ሁሉንም፣ ሾፌሩን ጭምር፣ ቀይ ወፎች ሊያሳይ ወሰዳቸው። እኔን "እግሯን አሟታል" አላቸው። አላመመኝም። ዳንኤል ጎጆው ጥላ ሥር ሽንኩርት ይከትፋል። ሄጄ ቢላውን ተቀበልኩት። ትንሽ ተላቀስን፤ ለሽንኩርቱ አመካኘን።

"አባዬስ?"

"ደህና ነው። ዝም ብሏል።"

"አባዬ ዝም ካለ ደህና አይደለም።" ከዚያ በጣቱ ወደ ሐይቁ ማዶ ጠቆመኝ። "ያ ተራራ ይታይሻል? ኢትዮጵያ ነው።"

ግራ ተጋባሁ። በአውሮፕላን ተሻግሬ፣ በመኪና ተንገላትቼ፣ መጥቼ መጥቼ የአገሬ ጓሮ ነው የደረስኩት?

"ይህ ውሃ ደግሞ አዋሽ ነው" አለኝ።

"የትኛው አዋሽ?"

"ስንት አዋሽ አለ እማዬ? የኛው ነዋ። ቡልቡላ አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ እዚህ ያልቃል።"

"ባሕር አይገባም?"

"አይደርስም። እዚሁ ነው የሚያልቀው።"

"ቡልቡላ ያንተን የሽንት ጨርቅ ያጠብኩበት ወንዝ ነው እኮ።"

"ለዚህ ነዋ ሐይቁ እንዲህ የሚሸተው!"

ሳቅን። እንደ ድሮው ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ የመጣሁበትን ተናገርኩ፤ ምሕረቱን፣ ይለፉን፣ ሊቀ መንበሩ በእኔ ይሁንብዎ ማለቱን። ዳንኤል ሰምቶ ሲጨርስ "መውጫ ፈቃዱን በስንት ጊዜ ሰጡሽ?" አለኝ።

"እሑድ ቤት መጣ፤ በሚቀጥለው እሑድ እጄ ላይ ነበር።"

"ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ባሏ ውጭ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሄዳ ለማየት ስትለምን ሰጧት?"

"አልሰጧትም። እስኪሞት አልሰጧትም።"

"ታዲያ ላንቺ ለምን ቸኮሉ?"

"ጥሩ ሰው ስለሆነ" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀለለብኝ።

"ስለ እኔ ምን ጠየቀሽ?"

"እንዴት እንዳለህ…" አልኩና ቆምኩ። እንዴት እንዳለህ አልጠየቀኝም። "ከማን ጋር እንደምትኖር። ከጓደኞችህ እነማን እዚህ እንደደረሱ። ለእነሱም ምሕረቱ እንዲደርሳቸው ነው ብሎ።"

ዳንኤል ሽንኩርቱን በጣቱ ሰበሰበው። በመጨረሻ "እመጣለሁ እማዬ" አለኝ። "እኔ ካልመጣሁ አባዬንና አንቺን ነው የሚጠይቁት። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ይህን ቃል ለመስማት ነበር የመጣሁት። ስሰማው እልል ማለት ነበረብኝ። ግን አልሆነልኝም። ከመኪናው ላይ ያየኋት ልጅ እግር ፊት ይመጣብኛል፣ የሊቀ መንበሩም ፈገግታ ይመጣብኛል። የቱን ልመን? ታደሰን እንዳልጠይቀው ታደሰ የለም። ደግሞ ቢኖርም ዝም ይላል። ቀኑን ሙሉ ማንም ያላዘዘኝን ድስት ሳጥብ ዋልኩ።

እሑድ

ጠዋት ዕቃ ሲጫን ዳንኤል ጺሙን ተላጭቶ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዞ መጣ። ሥራ መልቀቁን ለሮብሌ ነግሮታል። እግሩን ሳየው የላስቲክ ሰንደል አድርጓል። ጥሩው የቆዳ ጫማው የካምፑ ዘበኛ እግር ላይ ነው።

"ጫማህን ለምን ሰጠኸው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"እዚያ ምን ያደርግልኛል?"

እዚያ ያለው ቤታችንን አልነበረም። ቤታችን ለሚመጣ ሰው ጫማ ያስፈልገዋል። ልጄ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ወይም ሳውቅ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም በደንብ አይገባኝም።

ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል፣ ሁሉም ያየናል። "ልጄ ሆይ ቅር" ብዬ አቅፌ ማልቀስ አልችልም። ባለቅስ እሱም አልቀርም ይላል፤ አውቀዋለሁ፣ የታደሰ ልጅ ነው። ስለዚህ ፊት ወንበር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ባርኔጣዬን አስተካከልኩ፣ ጮክ ብዬ "ሮብሌ!" አልኩ። "ይህ ሰው በዚህ መኪና አይሄድም። እኔ ከፍያለሁ። ይጠበኛል፣ ሽንኩርት ሽንኩርትም ይሸተኛል። ወጥ ቤቱ ይመለስ!"

ሮብሌ አየኝ። ዳንኤልን አየው። ከዚያ ረጋ ብሎ ቃሌን በሱማልኛም በፈረንሳይኛም ተረጎመው። ሾፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ የዳንኤልን ቦርሳ ከመኪናው አወረደ፤ የከፈለ ሰው ቃል ነዋ። ማዳም፣ በእጄ የጎረሰችው ሴትዮ፣ ዞራ አየችኝ፤ እንደዚያ ያለ ንቀት በዓይን አይቼ አላውቅም። ምሲዩም አንገቱን ደፋ።

"እማ…" ሊል ጀመረና ዳንኤል ቆመ። ነገሩ ሁሉ ገብቶታል። ከንፈሩን ነክሶ ወደ በሩ ቀረበና በሩን ራሱ ዘጋልኝ።

"ቦን ቯያዥ ማዳም" አለኝ።

"ጫማህን ተቀበለው" አልኩት ወደ ፊት እያየሁ። "ጠጠሩ እግር ይበላል።"

ዞሬ አላየሁትም። መስታወቱ ውስጥ ግን ኩይሳዎቹ መካከል ቆሞ እስኪያንስ ድረስ አየሁት።

እስከ ጅቡቲ ማዳም አላነጋገረችኝም። ውሃ ስታዞር እኔን ዘለለችኝ። ዲክሂል ላይ ረጅሙ ፈረንጅ ከረሜላ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። የከተማው መብራት ሲታይ ሮብሌ ሳይዞር "አንቺ እናት" አለኝ። "ሙሳ በርበሬ ሲያበዛ እኔ እቆጣዋለሁ። አታስቢ።"

ቋጠሮዬን ሁሉ፣ በርበሬውንም ሽሮውንም፣ እጁ ላይ አደረግሁለት። ጸሐይ በሩን ከፍታ ብቻዬን ስታየኝ ውሃ ልትቀዳልኝ ገባች።

ሰኞ

አውሮፕላኑ ላይ አስተናጋጇ ዳቦ ስታመጣ ወዲያው ተቀበልኩና ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ምን እላለሁ? እሱ እምቢ አለ ብል ልጄን አስወነጅላለሁ፤ አላገኘሁትም ብል ጸሐይን ውሸታም አደርጋለሁ፤ እኔ ከለከልኩት ብል ራሴን። አንዱንም ሳልመርጥ ቦሌ ወረድን። ብርድ ነበር፣ ደስ የሚል ብርድ።

በሩ ላይ ታደሰ ቆሟል። ከጎኑ ሊቀ መንበሩ አለ፣ ከኋላው ደግሞ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች። ሊቀ መንበሩ ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ዓይኑ ከእኔ አልፎ በሩን ተመለከተ። ታደሰም በሩን ተመለከተ። ከእኔ ኋላ አንድ ነጋዴ ወጣ፣ ሁለት መነኩሴዎች ወጡ፣ በሩ ተዘጋ።

"ልጁስ፣ እትዬ ዘነበች?" አለኝ ሊቀ መንበሩ።

አፌን ሳልከፍት ታደሰ ቀደመኝ። "ሳታመጪው መጣሽ?" ብሎ ጮኸ። "ይህን ሁሉ ሰው አስቸግረሽ፣ ይህን ሁሉ ፈቃድ አስወጥተሽ፣ ባዶ እጅሽን? አንድ ልጅ መፈለግ አቅቶሽ? አንቺን ብሎ ተላኪ! እኔ ነኝ ጥፋተኛው ሴት ልኬ!"

ከተጋባን ጀምሮ ሰው ፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። ደንግጬ ማልቀስ ጀመርኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ሊቀ መንበሩ ራሱ አፈረና "ተው ጋሼ ታደሰ፣ በረሃ ነው፣ ደክሟቸዋል፣ ቀስ ብሎ ይጣራል" እያለ ያግደው ጀመር። ታደሰ ግን አልበረደም። በአንድ እጁ ቦርሳዬን ነጥቆ፣ በሌላው እጄን ይዞ እየጎተተ፣ እስከ መንገዱ ድረስ እየጮኸብኝ ሄደ።

እጄን የያዘው በጣቶቼ መካከል ጣቶቹን አስገብቶ ነበር። መንገዱን ተሻግረን፣ ሰዉ ሁሉ ከኋላችን ቀርቶ፣ ጩኸቱን አቁሞ ዝም ካለ በኋላም አልለቀቀኝም።